«ለምን?» የሌለው ሙያ፦ ከቅኔ ቤት እስከ ሲኦሲ

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ሆኑ። አገር ሁሉ ያወራው ስለ ፈተናው ነበር፤ ስለ ወደቁት ያወራ ግን ጥቂት ነው። ከእነሱ የተወሰኑት በማካካሻ (ሬሜዲያል) ፕሮግራም ሌላ ዕድል አገኙ። ለቀሩት የሚሰጠው መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ቴክኒክና ሙያ ግቡ!»

መልሱ መጥፎ አይደለም። ግን አንድ ነገር ሳይነሣ ይታለፋል። ሙያው ራሱ እንዴት ነው የሚሰጠው? ወርክሾፕ የገባ ልጅ በመጀመሪያው ቀን ምን ይባላል? መምህሩ ትምህርቱን ከምን ይጀምራል?

የአገራችን የሙያ ትምህርት ታሪክ ሲገላበጥ ሕንፃው፣ ማሽኑ፣ ደረጃውና ፈተናው በየዘመኑ ሲለዋወጥ ይታያል። የትምህርቱ አጀማመር ግን እምብዛም አልተለወጠም። ከትርጉም ይጀምራል፣ በዝርዝር ይቀጥላል፣ በፈተና ያልቃል። ሥራው ራሱ የሚወልደው ጥያቄ ቦታ የለውም። የሚያስቆጨው ደግሞ አገሩ በጥያቄ የሚመራ ትምህርት የማያውቅ አለመሆኑ ነው። የመንዝ፣ የግሼና የመርሐቤቴ ደጋማ ምድር ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው።

◾️ መሪ ጥያቄ ማለት ምን ማለት ነው?

በአንድ የእንጨት ሥራ ክፍል ሁለት ዓይነት ዕቅድ እናስብ።

የመጀመሪያው ሁላችንም የምናውቀው ነው። በመጀመሪያው ሳምንት የእንጨት ሥራ ትርጉምና ጥቅም፣ ቀጥሎ የእጅ መሣሪያ ዓይነቶች፣ ከዚያ የደኅንነት ሕጎች፣ ከዚያ የእንጨት ዓይነቶች። ተማሪው መጋዝ እስኪጨብጥ ድረስ ደብተሩ ግማሽ ይሞላል።

በሁለተኛው ዕቅድ መምህሩ ሰሌዳው ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጽፋል፦ «ወለሉ ባልተስተካከለ ቤት ውስጥ የማይነቃነቅ መቀመጫ እንዴት ይሠራል?» ተማሪዎቹ ባለ አራት እግር ይሞክራሉ፤ ይነቃነቃል። አንዱን እግር ይቆርጣሉ፤ በሌላው በኩል ይነቃነቃል። ከዚያ አንዱ የአያቱን በርጩማ ያስታውሳል። ለካ ባለ ሦስት እግር በርጩማ ሦስት እግር የሆነው እንጨት ለመቆጠብ ብቻ አይደለም! ሦስት እግር የትም ቢቀመጥ ሦስቱም መሬት ይነካሉ። ወንበሩ ሊዘም ይችል ይሆናል እንጂ አይነቃነቅም። እግሮቹ ምን ያህል ዘመም ብለው ይተከሉ? ቀዳዳው ምን ያህል ይጥለቅ? እዚህ ላይ መለኪያው፣ መሮው፣ መላጊያውና ማጣበቂያው አንድ በአንድ ይመጣሉ። የሚመጡት ተራቸው ስለ ደረሰ ሳይሆን ስለ ተፈለጉ ነው። የደኅንነት ሕጉም የሚነገረው መጋዙ እጅ ላይ ባለበት ሰዓት ስለሆነ ይያዛል።

መሪ ጥያቄ ማለት ይህ ነው። የፈተና ጥያቄ አይደለም። ሦስት ምልክቶች አሉት። አንደኛ፣ በቃል ብቻ አይመለስም፤ መልሱ ተሠርቶ የሚታይ ነገር ነው። ሁለተኛ፣ ለመመለስ ሲሞከር በሥርዓተ ትምህርቱ ያሉት ክህሎቶች ግድ ይሆናሉ። ሦስተኛ፣ መልሱ ሲሳሳት መምህሩ ሳይናገር ሥራው ራሱ ይናገራል። የሚነቃነቅ ወንበር ማንም አያስተባብልለትም።

ግራንት ዊጊንስና ጄይ ማክታይ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት መጽሐፍ ትምህርት ከመጨረሻው ውጤት ተነሥቶ፣ በዋና ዋና ጥያቄዎች ዙሪያ እንዲታቀድ ሐሳብ አቀረቡ። ሐሳቡ በመላው ዓለም ተሰራጨ። ነገር ግን በዚህ መንገድ ማስተማር ከመጽሐፉ በብዙ ዘመን ይቀድማል።

◾️ ቅኔ ቤት፦ በየቀኑ አዲስ መልስ

ቅኔ ጥበብ ነው ይባላል፤ እውነት ነው። ግን ሙያም ነው። መለኪያ አለው፣ መሣሪያ አለው፣ ስሕተቱ ይታወቃል። ሰሜን ሸዋን ጨምሮ በብዙ የአገራችን ክፍል ሲሰጥ የኖረው የቅኔ ትምህርት አሰጣጡ ለዛሬ ወርክሾፕ የሚያስተምረው ነገር አለው።

ተማሪው መጀመሪያ ይሸመድዳል። ዳዊት ደግሞ፣ ግስ አጥንቶ፣ አገባብ ለይቶ ነው የሚመጣው። ያለዚህ ቅኔ የለም። ነገር ግን ሽምደዳው መድረሻ አይደለም፤ ለሌላ ነገር ስንቅ ነው። ከባለ ሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ተነሥቶ እስከ ባለ ስምንት ቤቱ መወድስና ከዚያም በላይ ሲሄድ፣ በየደረጃው የሚጠበቅበት ያጠናውን መድገም ሳይሆን ያልነበረ ነገር ማምጣት ነው። ቀን ቀን ብቻውን ጥግ ይዞ ይቆጥራል፤ ቆጠራ የሚባለው ይህ ነው። ከዚያ መምህሩ ፊት ቆሞ ይናገራል፤ ይህም ነገራ ይባላል። መምህሩ ይሰማል፣ ያርማል፣ ይጠይቃል። ሰሙ ምንድን ነው? ወርቁስ? ሁለቱ ይገናኛሉ ወይ? ቤቱ ሞላ? ምሥጢሩ ካላስኬደ ቅኔው ይወድቃል፤ ተማሪው ተመልሶ ወደ ጥጉ ይሄዳል።

የሌላ ሰው ቅኔ ደግሞ ማቅረብ አይቻልም። ስለዚህ ጥያቄው በየቀኑ ነው፦ «ዛሬ፣ ለዚህ በዓል፣ በያዝኩት ግስ፣ ምን አዲስ ሰምና ወርቅ ይገኛል?» ግሱ፣ አገባቡና ዜማው ሁሉ የሚሰለፉት ለዚህ ጥያቄ ነው።

በእኛ ዘንድ ሊበን ገብረ ኢትዮጵያ በሚል ስም የሚታወቀው አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ተመራማሪ ዶናልድ ሌቪን በ1950ዎቹ መጀመሪያ መንዝ ተቀምጦ የሕዝቡን አኗኗር አጥንቷል። እ.ኤ.አ. በ1965 ለታተመው መጽሐፉም «ሰምና ወርቅ» የሚል ርእስ ሰጠው። ሌቪን የቅኔ ባህል አሻሚነት፣ ግልጽ ቋንቋ ከሚሻው ዘመናዊ አሠራር ጋር ሊጋጭ እንደሚችል ጽፏል። ሐሳቡ ብዙ አከራክሯል፤ ማከራከሩም ተገቢ ነው። ግን ሌቪንም ተከራካሪዎቹም ያተኮሩት በቅኔው ቋንቋ ላይ ነበር። የቅኔ ቤቱ የማስተማሪያ ዘዴ ብዙም ትኩረት አላገኘም። ቅኔው አሻሚ ሊሆን ይችላል፤ ትምህርቱ ግን ፍጹም ግልጽ ነው። ተማሪው የሚጠበቅበትን ያውቃል፣ በራሱ ይሞክራል፣ ወዲያው ይታረማል።

የቤተ ክህነት ትምህርት ሁሉ እንዲህ ነበር ማለት አይደለም። ንባብ ቤት ትርጉሙ ሳይገባው የሚያነበንብ ልጅ ሞልቶት ነበር። አለንጋም ነበር። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ሲመጣ ከዚያ ቤት ብዙ የወረሰው ግን የንባብ ቤቱን ሽምደዳ እንጂ የቅኔ ቤቱን ጥያቄ አልነበረም።

◾️ የመንዝ ሱፍና የቺካጎ ልጆች

ከቅኔ ቤቱ አጥር ውጭ ሌላ ትምህርት ቤት ነበር፤ የገበሬው ቤት። መንዝ ብርድ ነው፤ ብርዱም በግን፣ በጉም ሱፍን አመጣ። ሱፉ ይሸለታል፣ ይፈተላል፣ ይሸመናል። ባናው፣ ዝተቱና በርኖሱ የመንዝ ስም የሚነሣባቸው ሥራዎች ናቸው። እዚያ ያደገ ልጅ ስለ ሱፍ ትርጉም ተጽፎለት አያውቅም። ጥያቄው ከሌሊቱ ብርድ ጋር ይመጣል፦ ይህን ብርድ የሚችል ልብስ ከዚህ በግ እንዴት ይወጣል?

ከመንዝ በሺዎች ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ጆን ዱዊ የተባለው ፈላስፋ በቺካጎ በመሠረተው የሙከራ ትምህርት ቤት ልጆችን ያስጀመረው በዚሁ ነገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1899 በታተመው መጽሐፉ እንደ ተረከው፣ ለልጆቹ ተልባ፣ ጥጥና ከበግ ጀርባ እንደ ተሸለተ ያለ ሱፍ ተሰጣቸው። ከሱፍ ይልቅ የጥጥ ልብስ ለምን ዘግይቶ ተስፋፋ? ልጆቹ ጥጡን ከፍሬው በእጃቸው ለመለየት 30 ደቂቃ ታገሉ፤ ያገኙት ከአንድ አውንስ፣ ማለትም ከ28 ግራም ገደማ በታች ነበር። የቀድሞ ሰዎች ሱፍ የለበሱበትን ምክንያት ጣታቸው ነገራቸው። ከዚያ ተነሥተው ስለ ክር፣ ስለ ማሽን፣ ስለ ንግድና ስለ ታሪክ ተማሩ።

የመንዝ ልጅ ይህን ሁሉ ደጁ ላይ አለው። ግን የገበሬው ቤትም የጎደለው ነገር ነበር። ልጅ ከአባቱ የሚማረው አባቱ የሠራውን ነው፤ «እንዲህ ነው የሚሠራው» የሚባለውን። ዓለም ባልተለወጠበት ዘመን ይህ በቂ ነበር። ደብረ ብርሃን የብርድ ልብስ ፋብሪካ ሲቆም፣ ቀጥሎም ርካሽ የውጭ ብርድ ልብስ ገበያውን ሲያጥለቀልቀው ግን አዲስ ጥያቄ መጣ፦ ይህ ሱፍ ፋብሪካው የማይሰጠውን ምን ሊሰጥ ይችላል? ለማን ይሸጥ? በምን ቅርጽ? ለዚህ ጥያቄ ባለሙያውን ያዘጋጀው ማንም አልነበረም። ማዘጋጀት የነበረበት ትምህርት ቤት ነው።

◾️ መንግሥት ሙያን ሲያስተምር

ትምህርት ቤቱ ግን ከሙያ ጋር የተዋወቀው ዘግይቶ ነው። ሸማኔን «ቁጢት በጣሽ»፣ ብረት ሠሪን «ቡዳ» በሚል ኅብረተሰብ ውስጥ ዳግማዊ ምኒልክ ሙያተኛ እንዳይሰደብ አዋጅ ማስነገር አስፈልጓቸው ነበር። የመጀመሪያዎቹ ዘመናዊ ትምህርት ቤቶች ያተኮሩት በቋንቋ ላይ ነው፤ አገሩ አስተርጓሚና ጸሐፊ ይፈልግ ነበርና።

በ1934 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ዛሬ ተግባረ ዕድ የምንለው ነው። ስሙ ራሱ «የእጅ ሥራ» ማለት ነው። በ1940ዎቹ መጨረሻ ደብረ ብርሃን ላይ የማኅበረሰብ ትምህርት ቤት መምህራን ማሠልጠኛ ሥራ ጀመረ። ሐሳቡ ፊደል ብቻ ሳይሆን እርሻ፣ ጤናና የእጅ ሥራ ለገጠሩ የሚያስተምር መምህር ማፍራት ነበር። በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ ተከፈተ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችም የእንጨት፣ የብረትና የቤት አያያዝ ክፍል ይጨመርላቸው ጀመር።

ከዚያ ትልቁ ግጭት መጣ። በ1964 ዓ.ም. የተካሄደው የትምህርት ዘርፍ ጥናት (ሴክተር ሪቪው) ለብዙኃኑ፣ በተለይ ለገጠሩ፣ አጠር ያለና ከኑሮ ጋር የተያያዘ ትምህርት እንዲሰጥ ሐሳብ አቀረበ። በወረቀት ላይ ሲታይ ብዙ በጎ ነገር ነበረው። ሕዝቡ ግን ሌላ ነገር አነበበበት፦ «የድሃ ልጅ አራት ዓመት ተምሮ ወደ ሞፈሩ ይመለስ፤ የባለ ሥልጣን ልጅ ዩኒቨርሲቲ ይግባ።» በ1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ አቆሙ፣ ወላጅና ተማሪ ተቃወመ፣ ዕቅዱ ተነሣ። ለአብዮቱ መፈንዳት ምክንያት ከሆኑትም አንዱ ሆነ።

ያ ጥርጣሬ ዛሬም አልሞተም። ሙያ «ለወደቀ» የሚሰጥ ነገር ሆኖ እስከ ቀረበ ድረስ ወላጅ አያምነውም። እምነቱን የሚመልሰው ማስታወቂያ አይደለም። ሙያ ክፍል ውስጥ የሚታሰበው ነገር ከፊዚክስ ክፍል ያላነሰ መሆኑ ሲታይ ነው። በትርጉምና በዝርዝር የሚሰጥ ሙያ ደግሞ ለማሰብ ቦታ የለውም።

በ1997 ዓ.ም. ገደማ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የገባው ፕላዝማ ችግሩን በደንብ አሳየ። በዚያ ዘመን የተማረ ሁሉ ያስታውሰዋል። ስክሪኑ ይጠይቃል፤ ተማሪው እርሳሱን ሳያነሣ ስክሪኑ ራሱ ይመልሳል። ጥያቄ ነበረ፤ ግን የሚመራው ነገር አልነበረም። ጥያቄን ከጌጥ የሚለየው የሚሰጠው ጊዜ ነው።

◾️ ዝርዝሩ ጌታ ሲሆን

በ2000 ዓ.ም. የወጣው የቴክኒክና ሙያ ስትራቴጂ ትልቅ ለውጥ ነበር። «ስንት ዓመት ተማርክ?» የሚለው ቀርቶ «ምን መሥራት ትችላለህ?» የሚለው መለኪያ ሆነ። ለየሙያው የሙያ ደረጃ ተዘጋጀ፤ ሠልጣኙ በሲኦሲ ይመዘናል። ሥልጠናውም 70 በመቶ ድርጅት ውስጥ፣ 30 በመቶ ተቋም ውስጥ እንዲሆን ታቀደ። ሐሳቡ ትክክል ነበር።

ችግሩ አፈጻጸሙ ላይ ተወለደ። የሙያ ደረጃው ሥራን በክፍል፣ ክፍሉን በንዑስ ክፍል፣ ንዑሱን በመመዘኛ ይከፋፍላል። ይህ ለመዛኝ የተሠራ ሰነድ ነው። ብዙ ማሠልጠኛ ግን እንዳለ ወስዶ የትምህርት ዕቅድ አደረገው። የሥልጠና ሞጁሎቹን ያየ ያውቀዋል፦ ኢንፎርሜሽን ሺት፣ ሰልፍ ቼክ፣ ኦፕሬሽን ሺት፣ ላፕ ቴስት። ሰልፍ ቼኩ ሲከፈት «ትርጉም ስጥ»፣ «ዓይነቶቹን ዘርዝር»፣ «እውነት ወይም ሐሰት በል» ይበዛዋል። መመዘኛ ዝርዝር የቤቱን ጥራት ለማየት ይጠቅማል፤ ቤት ለመሥራት ግን በዝርዝር አይጀመርም።

እዚህ ላይ ተገቢ ተቃውሞ ይነሣል። ኤሌክትሪክ የሚዘረጋ ልጅ በሙከራና በስሕተት ይማር ወይ? አይማር። ሰው የሚገድል ስሕተት ያለበት ቦታ ላይ ትእዛዙ ይቀድማል፤ ይሸመደዳል፤ ይደጋገማል። የቅኔ ተማሪውም ግሱን ሳይዝ አልቆጠረም። መሪ ጥያቄ ልምምድን አይተካም፤ ልምምዱ ለምን እንደሚያስፈልግ ያሳያል እንጂ። «የመሬት ሽቦ ትርጉም ስጥ» ከሚለው ይልቅ «ዝናብ ያረጠበው ግድግዳ ቤት ውስጥ ያለውን ሰው እንዳይመታ ምን ይደረግ?» የሚለው ልጁን ወደዚያው ሕግ ያደርሰዋል፤ ግን ሕጉን ከነምክንያቱ ይዞት ይሄዳል።

ሌላው ተቃውሞ የጊዜ ነው። «ሲኦሲ እየደረሰ ማን ለጥያቄ ጊዜ አለው?» ይባላል። ጊዜ የሚበላው ግን በአንድ ሥራ ውስጥ አብረው መማር የሚችሉ አሥር ነገሮችን በአሥር ቀን ለየብቻ ማስተማር ነው። ባለ ሦስት እግሯ በርጩማ መለካትን፣ መቁረጥን፣ መብሳትን፣ ማጋጠምንና ማለስለስን በአንድ ሥራ ታስተምራለች።

◾️ መንዝ፣ ግሼ፣ መርሐቤቴ ዛሬ

ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል ያለው ግጭት ብዙ የትምህርት በሮችን ዘግቷል፤ ሰሜን ሸዋም አላመለጠም። ያለ ትምህርት ያለፈ ዓመት አይመለስም። ክፍሎች ሲከፈቱ መምህሩ የሚገጥመው የጠፋውን ሁሉ እንዴት እንደሚሸፍን አይደለም፤ መሸፈን አይችልም። የሚገጥመው ምን እንደሚተው መምረጥ ነው። ዝርዝር ይህን ምርጫ አያውቅም፤ ለእሱ ሁሉም እኩል ነው። መሪ ጥያቄ ግን ያውቃል፤ ለመልሱ የሚያስፈልገው ይገባል፣ የማያስፈልገው ይቆያል።

ጥያቄዎቹን ከሩቅ ማምጣት አያስፈልግም። በመንዝ የልብስ ሥራ ክፍል፦ «ፋብሪካ የማይሠራው፣ የከተማ ሰው ገንዘብ የሚከፍልበት ምን ነገር ከዚህ ሱፍ ይወጣል?» መምህሩ ይህን በየቀኑ ይከፋፍለዋል። የትኛው ሱፍ ለየትኛው ክር? ክሩ ምን ያህል ይጠምዘዝ? ድሩና ማጉ ምን ያህል ይጥበቅ? አንዱ ባና ስንት ያስወጣል፣ ስንት ይሸጣል? እዚህ ላይ ሽመናም ሒሳብም ንግድም አለ።

በግሼ ደጋ የግንባታ ክፍል፦ «በዚህ ብርድ የቆርቆሮ ቤት እንዴት ይሙቅ?» የጓሳ ሣር ክዳን ሙቀት የሚይዝበት ምክንያት፣ ኮርኒስ፣ የግድግዳ ውፍረትና የመስኮት አቅጣጫ ሁሉ ከዚህ ይመዘዛሉ። ሽማግሌዎቹ ስለ ጓሳ የሚያውቁትም የክፍሉ እውቀት ይሆናል።

በጀማና በወንጪት መካከል ባለው መርሐቤቴ፦ «ከምንጭ የተጠለፈ ውኃ እርሻው ሳይደርስ እንዳያልቅ ምን ይደረግ?» መርሐቤቴ በካርል ሄንዝ በም የተመሠረተው ሰው ለሰው ድርጅት ለዓመታት የሠራበት ወረዳ ነው፤ የዓለም ከተማው እናት ሆስፒታልም የዚያ ዘመን አሻራ ነው። ሕንፃ ያለ ገንዘብ አይቆምም። ጥያቄ ግን ከአንድ መምህርና ከአንድ ጠመኔ በላይ አይፈልግም።

ለመጀመር አዲስ ፖሊሲ አያስፈልግም። እያንዳንዱ የሙያ መምህር የሚሞላው የሳምንት ዕቅድ ቅጽ አለው። በቅጹ አናት ላይ፣ ከርእሱና ከዓላማው በፊት፣ አንድ መስመር ይጨመር፦ «በዚህ ሳምንት ተማሪው ሠርቶ የሚመልሰው ጥያቄ ምንድን ነው?» ዲኑም ሱፐርቫይዘሩም ሲመጣ መጀመሪያ የሚያየው ያንን መስመር ይሁን። መስመሩ ባዶ ከሆነ፣ ወይም «ትርጉም ስጥ» የሚል ከሆነ፣ ያ ሳምንት ገና አልታቀደም ማለት ነው።